ጥቀርሻ በጋሎን፦ ስለ ሳሎን ጥቁር ግድግዳ አነሣሥና ጠባይ

ጥቁር ግድግዳ ሲባል ከሳሎን አራት ግድግዳዎች መካከል አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ቴሌቪዥን የሚሰቀልበት፣ ከሌሎቹ ተለይቶ በጥቁር፣ ከሰል በሚመስል ግራጫ፣ በቸኮሌት ወይም በደማቅ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ማለት ነው፤ አራቱንም ግድግዳ ያጠቆሩ ቤተሰቦች መኖራቸው ባይካድም፣ በቤታቸው ማስታወሻ ለመጻፍ የሚበቃ ብርሃን ስለማይገኝ ከዚህ ጥናት ውጭ ሆነዋል። የጥናቱ ወሰን አዲስ አበባ ሲሆን፣ ይልቁንም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩትን የኮንዶሚኒየም ቤቶች ይመለከታል። ባለዕጣው ቤቱን የሚረከበው ብዙውን ጊዜ ሳያልቅ ስለሆነ፣ ስቱኮውንም ቀለሙንም የሚመርጠው ራሱ ነው፤ የምርጫው ኃላፊነትም ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ፣ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ በሌላኛው ወገን ላይ ይወድቃል።

የጥቁር ግድግዳ ፋሽን ከውጭ አገር የመጣ ነው የሚለው አስተያየት በሰፊው ቢነገርም ሲመረመር የሚጸና አይደለም። ምድጃው መካከል ላይ በሆነበት፣ ጭስ ማውጫ በሌለው የገጠር ጎጆ ውስጥ፣ ጭሱ በሣር ክዳኑ በኩል ቀስ እያለ እስኪወጣ ድረስ ማገሩንም ወራጁንም ግድግዳውንም ጥቀርሻ ሲያለብሰው ይኖር ነበር፤ ጥቀርሻ ማለት እንጨት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ከጭሱ ጋር ተነሥቶ የሚለጠፍ ደቃቅ ካርቦን ነው። ለጥቁር ቀለም መልኩን የሚሰጠው ዱቄትም በአብዛኛው ይኸው ካርቦን ሲሆን፣ በፋብሪካ የሚገኘውም ዘይትን ወይም ጋዝን በቂ አየር ሳይሰጡ በማቃጠል ነው። ስለዚህ ከጥቀርሻ ለመሸሽ ከተማ የገባው ቤተሰብ፣ ኑሮው ሲደላደል ያንኑ ጥቀርሻ በጋሎን ገዝቶ በሮለር ያስቀባል ቢባል ከኬሚስትሪ አንጻር የሚያስነቅፍ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ የመጀመሪያው ዓመታት ይፈጅ የነበረና ገንዘብ የማይጠይቅ ሲሆን፣ ጣሪያውን ከነፍሳት መጠበቁ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅሙ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በሁለት ቀን ያልቃል፤ ነፍሳትን በተመለከተ ግን አቋም የለውም።

በጎጆውና በኮንዶሚኒየሙ መካከል አንድ የሽግግር ዘመን አለ፤ ይኸውም የግማሽ ግድግዳ ዘመን ነው። በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በቡና ቤት ግድግዳው እስከ ሰው ደረት ድረስ በአመድማ፣ በአረንጓዴ ወይም በቡናማ ዘይት ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በላይ ያለው ክሬም ሆኖ ይቀራል። ዘይት ቀለም በእርጥብ ጨርቅ ስለሚወለወል፣ ጉዳይ የሚጠብቅ ሰው ጀርባውን ቢያስደግፍበትም ምልክቱ አይሰነብትም። የዛሬው ትውልድ የፈጸመው ለውጥ ጥቁሩን ከታች አንሥቶ ወደ ጎን ማዞሩ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

የብርሃኑ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። የቀለም ባለሙያዎች አንድ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ ይገልጹታል፤ ጥሩ ነጭ ከ80 በላይ ሲመልስ ጥቁሩ 5 ያህል ቢመልስ ነው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን መስኮቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ በመሆኑ፣ የገባችው ብርሃን ፊት ለፊት ያለው ጥቁር ግድግዳ ላይ ስታርፍ በዚያው ትቀራለች። ይህን ለማካካስ ባለቤቱ የጂብሰም ኮርኒስ አሠርቶ በዙሪያው ስፖት ላይት ያስተክላል፤ ይኸውም ግድግዳው እንዲጨልም አንድ ጊዜ፣ ጨለማው እንዲታይ ደግሞ ሌላ ጊዜ መክፈል ማለት ነው። ከዚህም የባሰ ቅራኔ በቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል። በእቁብ ገንዘብ የተገዛ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ እንዲያርፍበት የታሰበ ሰፊ ስክሪን፣ ከተሰቀለበት ግድግዳ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሆነ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የፋሽኑ ደጋፊዎች ዓላማው ይኸው ነው ብለው ይከራከራሉ። መብራት ሲሄድ ግን ክርክሩ ይቋረጣል፤ ሁሉም ሻማ ፍለጋ ይነሣልና።

ጥቁር ቀለም ቆሻሻ ይችላል የሚለው አስተምህሮ በዘርፉ ውስጥ እጅግ የተስፋፋው ሲሆን፣ ማስረጃው ደግሞ እጅግ የሳሳው ነው። ጥቁር የሚችለው ጥቁር ቆሻሻን ብቻ ነው፤ የከተማው አቧራ፣ የስቱኮው ብናኝ፣ ሳሙናው በደንብ ያልለቀቀው ጨርቅ የሚተወው ምልክት ግን ሁሉም ነጣ ያሉ ናቸው። ሶፋው ከግድግዳው በተጠጋበት ቦታ፣ ፀጉራቸውን ቅቤ የተቀቡ ሰዎች ጭንቅላታቸውን ያስደገፉበት ሁሉ ለብቻው እያበራ ይታያል፤ የልጆች መዳፍም አምስቱ ጣት ሳይጓደል ይነበባል። ምስማር ተነቅሎ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ፎቶ ሰቅሎ ባወረደ ቤት ውስጥ ነጥቦቹን መቁጠር ይቻላል። ለጥየቃ ከገጠር የመጡ እናት ወደ እንዲህ ያለ ሳሎን ሲገቡ የሚናገሩት ቃል ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም፤ «ልጄ፣ ምነው፣ እሳት ተነሥቶ ነበር እንዴ?» ይላሉ። ፋሽን መሆኑ ሲነገራቸው፣ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብለው ነጠላቸውን ከግድግዳው ሰብሰብ አድርገው ይቀመጣሉ።

በባለቤትና በቀቢ መካከል የሚነሣውን ጠብ በተመለከተ፣ የአዲስ አበባው ልምድ ብቻውን የሚቆም አይደለም። በ1876 እ.ኤ.አ. ፍሬድሪክ ሌይላንድ የተባለ የመርከብ ባለሀብት ለንደን ከሚገኘው ቤቱ ሲርቅ፣ ጄምስ ዊስለር የተባለው ሠዓሊ የምግብ ክፍሉን ጥቂት እንዲያስተካክል ተፈቅዶለት ነበር፤ ሠዓሊው ግን በግድግዳው ላይ የነበረውን ውድ ቆዳ ሳይቀር በጥልቅ አረንጓዴ ሰማያዊና በወርቅማ ቀለም ሸፈነው፤ ከዚያም 2,000 ጊኒ ጠየቀ። የተከፈለው 1,000 ፓውንድ ነው። ዊስለርም ሥራውን ሲጨርስ ሁለት የሚጣሉ ጣዎሶችን ሣለ፤ በአንደኛው እግር ሥር ሳንቲም በትኖበታል። ክፍሉ ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። የአዲስ አበባ ቀቢዎች ጣዎስ አይሥሉም፤ ሂሳብ ሲያጥርባቸው የመጨረሻውን እጅ ሳይቀቡ ይሄዳሉ። እጅ ማለት በሞያው አነጋገር ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ የሚዳረስበት ዙር ሲሆን፣ የጎደለው እጅ ሲመሽና ስፖት ላይቱ ሲበራ በሮለሩ መንገድ መንገድ ይታያል።

ወደ ነጭ የመመለሱ ሒደት በተለይ ተከራዮችን ይመለከታል። አከራዩ ቤቱን «እንደተረከብከው አስረክበኝ» ባለ ጊዜ፣ ነጭ ቀለም ጥቁሩን ለመሸፈን ከአንድ እጅ በላይ እንደሚፈልግ፣ በመጀመሪያው እጅም ግድግዳው የታመመ ሰው ፊት እንደሚመስል ተከራዩ ይረዳል። ከዚህ የሚድነው አንድ የግድግዳ ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከቡፌው ጀርባ ያለው ነው። ቡፌው ከነብርጭቆው ከባድ በመሆኑ ቀቢዎች ሲያጠቁሩም ዙሪያውን ዞረው እንጂ አንሥተው ስለማይቀቡ፣ የመጀመሪያው ክሬም ቀለም ከኋላው ሳይነካ ይገኛል ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱን ለማረጋገጥ ግን ቡፌውን የሚያነሣ አራት ሰው ያስፈልጋል።