ቡሽ የሌለውን ጠርሙስ ከኮርኬጅ ነጻ ለማድረግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 1897/50

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

መግቢያ

ወይን መቅመስ የባለጸጋ ብቻ ሳይሆን ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰውም መብት መሆኑን በመገንዘብ፤

አምስት ጓደኛሞች በየወሩ አራት አራት መቶ ብር እያዋጡ፣ በየተራ በአንዳቸው ሳሎን እየተሰበሰቡ፣ ሦስት ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልለው እየቀመሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳያስቸግሩ የኖሩ በመሆኑ፤

እነዚሁ አምስት ሰዎች የቅምሻ ዕቁባቸውን ሁለተኛ ዓመት ለማክበር ከሳሎን ወጥተው ምግብ ቤት ራት ለመብላት በመድፈራቸው የደረሰባቸው ነገር በዝምታ ቢታለፍ፣ ነገ የላስቲክ ውሃ ይዞ የገባ ሰው «የክዳን ማዞሪያ» ክፈል መባሉ የማይቀር ሆኖ በመገኘቱ፤

በዕቁቡ አባላት ሙሉ ድምፅ፣ በአንዲት አባል ተቃውሞ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የክዳን አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የማይጠቅሰው ካለም ቅር አንሰኝም።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1/ «ቅምሻ» ማለት 50 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ልክ እኛ ከስስት የተነሳ አላወጣነውም፤ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የቅምሻ ብርጭቆ ደረጃ ውስጥ ያለ ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በዚህ ልክ 15 ቅምሻ ይወጣዋል። ለአምስት ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ይደርሳል ማለት ነው። የመጀመሪያው ለማሽተት፣ ሁለተኛው ለመከራከር፣ ሦስተኛው ለመታረቅ።

2/ «ብርጭቆ» ማለት የሻይ ብርጭቆንም ይጨምራል።

3/ «ቡሽ» ማለት ከቡሽ ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ውታፍ ነው። ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ በፖርቱጋል ሕግ ደግሞ እንደገና ለመላጥ ዘጠኝ ዓመት ይጠበቃል። ይህን ያህል የተጠበቀ ነገር ሲነቀል ማስነቀያ ቢጠየቅበት ነውር የለውም።

4/ «ክዳን» ማለት ቡሽ ያልሆነ ነው።

5/ በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ያካትታል።

አንቀጽ 3. ስለ ቅምሻ አፈጻጸም

1/ ጠርሙስ ሁሉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይቀርባል፤ ዋጋው ተገምቶ ሳያልቅ ጋዜጣው አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ ዳኞች የየትኛው አገር መሆኑን ሳያዩ ቀምሰው፣ በቀዩም በነጩም የካሊፎርኒያን ወይን ከራሳቸው አስበልጠዋል። እነሱን ያሳሳተ ነገር እኛን የማያሳስትበት ምክንያት የለም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ከ6,000 በላይ ቅምሻዎችን መርምሮ፣ ዋጋውን ያላወቀ ተራ ጠጪ ውዱን ከርካሹ አብልጦ እንደማይወድ አሳይቷል። ይህ ጥናት በዕቁባችን እንደ መዝሙር ይደገማል።

2/ መትፋት ይፈቀዳል፤ እናት ባለችበት ቤት ግን አይተፋም።

3/ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ አይገባም።

አንቀጽ 4. ስለ አገር ወይን

ጉደርም ሆነ አክሱሚት ከውጭው እኩል በጋዜጣ ይጠቀለላል። የዕቁባችን ዳኛ አንዱን ቀይ አሽትቶ «ይኼ እንኳ ያለ ጥርጥር የፈረንሳይ ነው» ካለ በኋላ ጋዜጣው ሲፈታ የዝዋይ ሲራ ሆኖ መገኘቱ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ዳኛው «ወይኑን የተከሉት ፈረንሳዮች ናቸው» ሲል ያቀረበው መከላከያም አብሮ ተመዝግቧል።

አንቀጽ 5. ስለ ኮርኬጅ

1/ ማንኛውም ምግብ ቤት እንግዳው ይዞት ለገባው ወይን ኮርኬጅ ሊያስከፍል ይችላል። ቤቱ ወይን እየሸጠ የራሳችንን ይዘን ሄድን፤ ብርጭቆ ይታጠባል፤ በረዶ ይቀርባል፤ ቡሽ ይነቀላል። ይገባናል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

2/ በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ ከዚህ በታች በተዘረዘሩት ላይ ኮርኬጅ አይጠየቅም፦

ሀ/ በእጅ በሚዞር ክዳን የተዘጋ ጠርሙስ። የእኛው የደቡብ አፍሪካ ሸኒን ብላንክ ነበር። ክዳን የድህነት ምልክት የሚመስለው ካለ ይህን ይወቅ፦ በአውስትራሊያ የክሌር ሸለቆ የሪዝሊንግ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2000 ተባብረው ወደ ክዳን የዞሩት፣ በተበላሸ ቡሽ ምክንያት የሚደፋው ወይን ስላንገሸገሻቸው ነው።

ለ/ በ«ሀ» የተጠቀሰው ጠርሙስ፣ በአስተናጋጅ እጅ የተከፈተ ቢሆንም። እጅ መክፈቻ አይደለም።

ሐ/ በ«ለ» የተጠቀሰው አስተናጋጅ ጓንት ያደረገ ቢሆንም፣ ጠርሙሱን በነጭ ፎጣ አቅፎ የያዘ ቢሆንም፣ ክዳኑ ሲላቀቅ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ቢሰማም።

መ/ ቡሽ መስሎ በተሠራ ፕላስቲክ የተዘጋ ጠርሙስ። ሆኖም መክፈቻ የሚፈልግ በመሆኑና ፍትሐዊ ለመሆን ስንል በዚህ ላይ ግማሽ እንፈቅዳለን። የተቃወመችው አባል የተቃወመችው ይህችን ፊደል ነው፤ ሩብ ይበቃል ባይ ናት።

ሠ/ ቡሹ ተሰብሮ ወይኑ ውስጥ የገባበት ጠርሙስ። ይህ ቡሽ ማስወጣት ሳይሆን ቡሽ ማስገባት ስለሆነ ቤቱ ለእንግዳው ይከፍላል።

ረ/ ሲከፈት የራሰ ካርቶን የሚሸት ወይን። ያን ጊዜ ሁሉም ሐዘንተኛ ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ሂሳብ አይጠየቅም።

ሰ/ ጭራሽ ያልተከፈተ ጠርሙስ። ሦስተኛው ጠርሙሳችን በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ወንበር ሥር ቆይቶ፣ በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ተቆጠረ። ለምን ብለን ብንጠይቅ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል «ገብቷል አይደል?» አለችን። ጃኬቶቻችንም ገብተው ነበር። የዳኛው የዓይን መነጽርም ገብቷል። ኧረ የጸሐፊያችን ዣንጥላ ሳይቀር ገብቶ፣ ያውም ተዘርግቶ፣ በሩ ሥር ውሃ ሲያንጠባጥብ አምሽቷል፤ ዣንጥላው እንኳ ተከፍቶ ነበር!

ሸ/ መክፈቻው የእንግዳው የራሱ የሆነ እንደሆነ።

3/ የንዑስ አንቀጽ 2 ፊደል «ሸ» ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኝቷል።

ከሦስቱ ጠርሙሶች ቡሽ የነበረውና የተከፈተው አንድ ብቻ ነው። አስተናጋጁ ይህን ጠርሙስ በጋዜጣው ላይ ዳሰስ አድርጎ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ጋሼ፣ መክፈቻ ይዛችኋል?» አለኝ። ይዣለሁ። የእንጨት እጀታ ያላት፣ ጫፏ ትንሽ የጎበጠ፣ ከዕቁቡ የመጀመሪያ ወር ጀምሮ ከኪሴ ያልተለየች መክፈቻ ናት። ሰጠሁት፤ ከፈተበት። ከዚያ «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ ወስዷት አጠገባችን ላለው ጠረጴዛ ሁለት ጠርሙስ ከፈተባት። እነሱም ኮርኬጅ ከፍለዋል። በእኔ መክፈቻ!

ስለሆነም፦ የእንግዳን መክፈቻ የተዋሰ ምግብ ቤት ለእያንዳንዱ ቡሽ የመክፈቻ ኪራይ ለባለቤቱ ይከፍላል፤ በኪራዩም ላይ 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ ደረሰኝም ይቆረጣል። ደረሰኝ ካልሰጡዎ አይክፈሉ የሚለው ማሳሰቢያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንደነበረ ልብ ይሏል።

4/ የአዋጁ ቁጥር ምንጭ እንደሚከተለው ይገለጻል። ኮርኬጅ ለአንድ ጠርሙስ 500 ብር፤ ሦስት ጠርሙስ 1,500። የአገልግሎት 150። ይህ 1,650 ሲሆን ታክሱ 247 ብር ከ50። ድምሩ 1,897 ብር ከ50 ሳንቲም። የወሩ ዕቁባችን ሁለት ሺህ ብር ነው። ሦስቱን ጠርሙስ የገዛንበት ገንዘብና አንዱን ለመክፈት፣ አንዱን ለማዞር፣ አንዱን ወንበር ሥር ለማስቀመጥ የከፈልነው ልዩነታቸው 102 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ክዳኑ ሦስት ጊዜ ነው የዞረው፤ ቆጥሬዋለሁ። ከነአገልግሎቱ ከነታክሱ ሳይሆን በመነሻው ዋጋ እንኳ አንዱ ዙር 166 ብር ከ67 ሳንቲም መጣ። በዚህ ሂሳብ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በቀን ስንት ጊዜ ሚሊየነር ይሆናል?

በአያቶቻችን ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ለእንግዳው ከመቅዳቱ በፊት በእጁ መዳፍ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየ ራሱ ይቀምስ ነበር። ስጋት አይግባህ፣ እኔ ቀድሜልሃለሁ ማለት ነው። ለመዳፉ ሂሳብ የመጣበት እንግዳ አልሰማንም።

ገንዘብ ተቀባይዋን «እመቤት፣ ይኼ እኮ ቡሽ የለውም» አልኳት። ክዳኑን አሳየኋት። ደግማ አየችውና «ሲስተሙ እንደዚያ ነው» አለች። ሲስተሙ! ውሃ ሲጠፋ ሲስተም፣ ባንክ ስንሄድ ሲስተም፣ አሁን ደግሞ ቡሽ የሌለበት ቡሽ በሲስተም! ሲስተሙ ጠርሙስ እንጂ ክዳን አያውቅም፤ የሲስተሙን ቁልፍ የሚነካ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ማታ አይገኝም። ሥራ አስኪያጅ ማታ የማይገኝበት ራት ቤት!

5/ ይህ ንዑስ አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ስላልተገኘ የተገኘውን ያዝኩ። አስተናጋጁ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ ክሳዱ ላይ ሰፍቶታል፤ የሌላ ሰው ይመስላል። በሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ክዳኑን አፍንጫው ሥር ይዤ «ይኼ ቡሽ ነው? ንገረኝ፣ ቡሽ ነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለ። አጠገባችን ያሉት ሰዎች መብላት አቆሙ። ጓደኞቼ ኮታቸውን መልበስ ጀመሩ። እኔ ግን አልበቃኝም፤ ሂሳቡን እስከ ሳንቲሟ ቆጥሬ አስቀምጬ «ቲፕህን ከሲስተሙ ተቀበል» ብዬው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሳቅንባት። ዳኛው ሁለት ጊዜ ደገማት። ቤት ገብቼ ስተኛ ነው «ጋሼ» ያለበት ድምፅ የመጣብኝ። ያ የአገልግሎት 10 በመቶ ከእጁ ይደርስ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለሦስቱ ዙር የደረሰው ከእኔ የተቀበላት ቃል ብቻ ናት።

ስለዚህም ከንዑስ አንቀጽ 2 ፊደል «ሀ» እስከ «ሸ» ያሉት ነጻነቶች ሁሉ አስተናጋጅን ለመስደብ መብት አይሰጡም። ይህ ድንጋጌ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል።

አንቀጽ 6. ቅጣት

አንቀጽ 5ን የተላለፈ ምግብ ቤት ባለቤቱ በእጁ ሦስት መቶ ክዳን ያዞራል። እኔን በሚመለከት ዕቁቡ ገና እየተወያየ ነው።

አንቀጽ 7. የተሻሩ ሕጎች

«ገብቷል አይደል?» የሚለው ልማዳዊ አሠራር ተሽሯል።

አንቀጽ 8. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ያልተከፈተው ሦስተኛ ጠርሙስ በሚቀጥለው ወር በጸሐፊያችን ሳሎን፣ በሻይ ብርጭቆ፣ ያለ ኮርኬጅ ይቀመሳል። ቡሽ ያለው ስለሆነ መክፈቻ የሚያመጣ አባል ይፈለጋል።

አንቀጽ 9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ መክፈቻዬ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ያን ማታ ተቆጥቼ ስወጣ እዚያው አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ላይ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ላመጣት ብዬ ሄጄ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ልጁ በር ላይ ቆሞ ስላየሁት ከታክሲው ሳልወርድ አለፍኩ።