ባሕር ጠልቆ ደጋ ላይ ለመታመም

አዋሽ ባሕር ሳያይ የሚቀር ወንዝ ነው። ከጊንጪ ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ አሳይታን አልፎ አፋምቦ ወረዳ ሲደርስ በገመሪና በአፋምቦ ሐይቆች ይተኛል፣ ከዚያም ጂቡቲ ድንበር ላይ ባለው በጨዋማው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕሩ ያለው ከድንበሩ ወዲያ ነው፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ። የአየር ሲሊንደር አዝሎ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የሰጠመ ጀልባ ማየት የሚመኝ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ቅርቡ እዚያ ነው። ሄዶ በደህና እንዲመለስ ስለምፈልግ፣ እንዴት እንደሚጎዳ ከመነሻው እስከ ቤቱ ደጃፍ በተገላቢጦሽ ልምከረው። አድርጉ ያልኩትን ሁሉ አታድርጉ።

ልምምዱን አፋምቦ ሐይቅ ላይ ጀምሩ። ስልጠና ገንዘብ ያስወጣል፣ ሐይቁ ግን በነፃ ነው። አዋሽ ከደጋ ጠርጎ ያመጣው ደለል ውሃውን አደፍርሶታል፤ አዞውም ጉማሬውም እዚያው ነው ያለው። ዳር ላይ ከብቱን የሚያጠጣውን አርብቶ አደር ሰላም ብላችሁ እለፉት፣ ዳጉ አትቀመጡ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ይላል፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብሎ፣ ወሬውን አጣርቶ ነው የሚለያየው። ጥሩ የጠላቂዎች መሪም ከመውረዱ በፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ውሃው ወዴት እንደሚጎትት፣ የጀልባው የትኛው ጎን እንደተሰበረ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚወርድ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ስንት አየር ሲቀር መመለስ እንደሚጀመር ይናገራል። እሱ ሲናገር እናንተ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ ተነሡ።

ጂቡቲ ስትደርሱ ከሰዓት በኋላውን ጫት ላይ አሳልፉ፣ ሌሊቱን ሳትተኙ አንጉት፣ በዚያ ሙቀት ውሃ ሳትጠጡ ጠዋት ጀልባ ላይ ውጡ። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ደም የመዘዋወር አቅሙ ይቀንሳል፤ ከታች ሲተነፍስ ከአየሩ የጠጣውን ናይትሮጅን አውጥቶ ለመጣልም ይቸገራል። ብርድ አይነካንም ብላችሁም የመጥለቂያ ልብሱን ተዉት። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ ሲገቡበት ለብ ያለ የመሰለው ባሕር አንድ ሰዓት ሲቆዩበት ያንቀጠቅጣል። የአፋር ፀሐይ የለመደ ቆዳ ከዚህ አያድንም።

ከሁሉ በላይ «ጥልቅ አይደለም» የሚለውን ቃል እመኑ። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ቃል ነው፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ከግምታችን ጋር አይገጥምም። ባሕሩ ገጽ ላይ የምንሸከመው ግፊት አንድ ከባቢ አየር ነው፤ 10 ሜትር ላይ ሁለት፣ 20 ላይ ሦስት፣ 30 ላይ አራት ይሆናል። ከ30 ወደ 20 ሜትር ሲወጡ ሳምባ ውስጥ ያለው አየር የሚሰፋው በሲሶ ያህል ነው። ከ10 ሜትር ወደ ገጹ ሲወጡ ግን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መነጽራችሁ ውስጥ ውሃ ገብቶ ስትደነግጡ ትንፋሻችሁን ያዙና ሽቅብ ተወርወሩ። ከሲሊንደር የተነፈሰ ሰው ከሁለት ሜትር ባነሰ ጥልቀት እንኳ ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ ሳምባው ሊቀደድ ይችላል። አለመያዝ፣ ሳያቋርጡ መተንፈስ፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም፤ ስልጠናው በተደጋጋሚ የሚያስተምረው ይህንን ነው።

የሰጠመውን ጀልባ ስታገኙ ያለ መሪ ገመድና ያለ መብራት ወደ ውስጡ ግቡ። የሚያንሳፍፋችሁን ጃኬትም በአየር ሙሉት። ይህን ስጽፍ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁን ጨርሶ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሊያሳርፉት ሲታገሉ አውሮፕላኑ ተሰባበረ። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ለእረፍት እዚያ የነበሩ ጠላቂዎች ከባሕር ዳር እየሮጡ መጥተው ሰው አውጥተዋል። ከሞቱት መካከል የነፍስ አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ አስቀራቸው። የተዘጋ ቦታ ውስጥ የሚያንሳፍፍ ነገር መውጫውን ይዘጋል። የሰጠመ ጀልባ ጓዳም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ላይ አንድ የእግር ምት ደለሉን አስነስቶ በሩን ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ቤት። የውጭ አገር መጻሕፍት ለእኛ ብለው ስላልተጻፉ እዚህ ላይ ልቆይ። የሌላው አገር ጠላቂ የሚፈራው በረራውን ነው፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍለት ወደ ባሕር ከፍታ ይመለሳል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ብዙ ጊዜ እስከ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ያህል ይሳሳል። እኛ ቦሌ ስናርፍም ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። የሳሳው አየር አብሮን ያድራል፣ አብሮን ይነጋል። በመኪናም ያው ነው። 400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሠመራ ተነስቶ በሚሌ በኩል ባቲን የሚወጣ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ሲገባ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር በሥጋና በመገጣጠሚያ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል።

ስለዚህ ከጠለቃችሁ በኋላ ፀጉራችሁ ሳይደርቅ አውሮፕላን ወይም መኪና ያዙ። የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ለአንድ ተራ መጥለቅ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት ጠብቁ ይላል። የደጋ ሰው ግን ሙሉ ቀን እዚያው ባሕሩ ዳር ቢያድር ደስ ይለኛል። ሆቴሉ ያስወጣል፤ ይውጣ።

ደሴ ወይም አዲስ አበባ ገብታችሁ ትከሻችሁን ሲቆረጥማችሁ፣ እግራችሁ ሲደነዝዝ፣ ሽንት እምቢ ሲላችሁ የጉዞ ድካም ነው ብላችሁ ተኙ። ሐኪም ዘንድ ከሄዳችሁም መጥለቃችሁን አትንገሩት፤ እሱም በየቀኑ የማያየው በሽታ ስለሆነ ሪህ ብሎ ይሸኛችኋል። ልትድኑ ከፈለጋችሁ ግን ገና ከበሩ «ባሕር ጠልቄ ነበር» በሉ፤ ስንት ሜትር እንደወረዳችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣችሁ በወረቀት ስጡት፤ ንጹሕ ኦክስጅን ወዲያው እንዲደረግላችሁ፣ በግፊት የሚታከሙበት ክፍል ያለበት ቦታም እንዲፈለግላችሁ ለምኑት።