ጫፉ ላይ ሳንደርስ

ኖርዌይ ገጠር የሚኖር ሐበሻ ከሁለት ነገር አያመልጥም፤ ከግብርና ከበረዶ ሸርተቴ። ጉድብራንስዳል ሸለቆ ውስጥ ያለው ቤታችን ጓሮው ሲያልቅ ጫካ ይጀምራል፤ ጫካው ሲያልቅ ዛፍ የማይበቅልበት ተራራ ይቀጥላል። ጎረቤቴ ሰባ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ከሰሙ ወዲህ «እናንተ እኮ ሳንባ አላችሁ» እያሉ ፋታ ነሱኝ። ቀነኒሳን ያየ ፈረንጅ ሁላችንም በቆጂ የተወለድን ይመስለዋል፤ እኔ አውቶቡስ እንኳ ሮጬ ደርሼበት አላውቅም። «በረዶ ያገሬ አይደለም» እንዳልል ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ 83ኛ ወጣ። ሰበብ አለቀብኝ።

በኖርዌጂያኖቹ ፋሲካ ሰሞን ከጎረቤቴ ጋር ከጓሮ ተነሣን። የተራራው ሸርተቴ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ብረት ነው፤ የእግር ጣት ይታሰራል እንጂ ተረከዝ አይታሰርም። ሽቅብ የሚያስኬደው ከሥሩ የሚቀባው ሰም ነው፤ እሱም እንደ ብርዱ መጠን ይመረጣል። ጠዋት የብርዱን፣ ሰማያዊውን ቀባን። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲረጥብ ሰሙ መያዝ ተወ፤ አንድ ስራመድ ሁለት እንሸራተታለሁ። ጥላ ውስጥ ስንገባ ደግሞ በረዶው እርጥቡ ሸርተቴ ላይ እየተጋገረ ባለረጅም ተረከዝ ጫማ ያጠለቅሁ አስመሰለኝ።

ጫፉ ፊታችን ሲደርስ ጭጋግ ወረደ። ሰማይና ምድር አልለይ አለ። ሰውዬው ቆሙና ብርቱካንና ክቪክ ሉንሽ የሚባለውን ቸኮላት አወጡ።

«እንመለስ» አሉ።

«ኧረ ሩብ ሰዓት አይቀረንም!»

መልስ አልሰጡኝም፤ የቸኮላቱን መጠቅለያ ገልብጠው አቀበሉኝ። ከውስጡ ዘጠኙ የተራራ ደንቦች ታትመዋል፤ ስምንተኛው በጊዜ መመለስ እንደማያሳፍር ይናገራል። ደንቦቹ አገር ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ፋሲካ ብዙ ሰው ተራራ ላይ ካለቀ በኋላ ነው። ቸኮላቱ ወተት አለበት፣ የእኛ ሁዳዴ ደግሞ ገና አልተፈታም፤ ስለዚህ ለእኔ የደረሰኝ ብርቱካኑና ምክሩ ብቻ ነው።

ከመውጣቱ መውረዱ ባሰ። ተረከዙ ያልታሰረ ሰው መታጠፍ ካልቻለ ያለው ፍሬን መቀመጫው ነው። እኔም በመቀመጫዬ ስወርድ አንድ ዛፍ ተቀበለኝ፤ ከሥሩ ያለው በረዶ ልል ስለነበር እስከ ወገቤ ሰመጥሁ። ጎረቤቴ በዱላቸው ጎትተው አወጡኝ። እዚያ አልሳቁም፤ ሳቃቸውን ለሚስታቸው አቆይተውት ኖሯል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ጫፉ ላይ ወጣችሁ?» አለችኝ።

«ተመለስን።»

«ፈሪ ለእናቱ!» ብላ ቡናዬን ቀዳችልኝ።

ስድብ መሆኑ ነው። እኔ ግን ተረቱን ምርቃት ነው እላለሁ፤ ፈሪው እናቱ ዘንድ የሚደርሰው በሕይወት ስለተመለሰ ነው። እናንተም በረዶ አገር ያላችሁ፣ ጭጋግ ሲወርድ ለእናታችሁ ሁኑ።