ዲያቆን ኢንጂነር ወይስ ኢንጂነር ዲያቆን?

መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ካንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ደረሰኝ ላሳትም ገባሁ። ከፊቴ የሠርግ ካርድ የሚያሳትሙ ሙሽራና አባቱ ወረፋ ይዘዋል። ቀለሙ ተመርጧል፤ ጥቅሱ ተስማምቷል። ያጣላቸው ከሙሽራው ስም በፊት የሚገባው ነገር ነው።

«ዲያቆን ይቅደም! የእግዜር ነገር ይቀድማል» ይላሉ አባት።

«አባዬ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል እኮ፤ ኢንጂነር ይቅደም።»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ልጅ አንዱን ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ሌላውን ትጽፋለች። ሲሰለቻት ሙሽራውን፣ «ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ የቀደሱት መቼ ነው?» አለችው። ዝም። አባት ደረሱለት፤ «የተካነው ገና በስምንት ዓመቱ ነው!»

ይህስ አያስደንቅም። ለብዙ ዘመን ጳጳስ የሚመጣልን ከግብፅ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ካረፈ ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር። ስለዚህ ጳጳስ በተገኘ ጊዜ ሰው ልጁን ይዞ ይሮጥ ነበር፤ በልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የታቀፉ ሕፃናት ሲካኑ አይቶ ተገርሟል።

ቃሉ ግን ግሪክ ነው፤ ትርጉሙም አገልጋይ፣ ማዕድ አቅራቢ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለቱ እደላ ተዘነጉ ተብሎ ጉርምርምታ ሲነሣ፣ ማዕዱን እንዲያገለግሉ ሰባት ሰዎች ተመረጡ። ሊቀ ዲያቆናት የምንለው እስጢፋኖስ ከእነሱ አንዱ ነው። ነገሩ የተነሣው በእንጀራ ነው እንግዲህ፤ በካርድ አይደለም።

ይህን ሳሰላስል የሻዩ ልጅ ገባ። በአንድ እጁ ስድስት ብርጭቆ የደረደረበትን ትሪ ይዞ፣ በሌላው መጋረጃውን ገለጠ። አንድ ጠብታ ሳያፈስ ለሁላችንም አደለ፤ ማን ስኳር እንደሚያበዛ፣ ማን ቶስኝ እንደሚፈልግ በቃሉ ያውቃል። ግሪኮቹ ቢያዩት ማን እንደሚሉት ግልጽ ነው።

አባት አንድ ጊዜ ፉት አሉና፣ «አንተ! ይሄ ቀዝቅዟል፤ ቀይር!» አሉት። ልጁ ብርጭቆውን ተቀብሎ ወጣ።

በመጨረሻ «ዲያቆን ኢንጂነር» ጸደቀ። ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ ሳታነሣ፣ «እርስዎስ፣ ከስምዎ በፊት ምን ይግባ?» አለችኝ።