ሳይጠየቅ የሚመልስ ሕዝብ

የአቋም መግለጫው ከተሳታፊው ቀድሞ አዳራሽ ይደርሳል። በደቡብ ጎንደር መካነ ኢየሱስ ይሁን ነፋስ መውጫ፣ ወይም ወገዳ፣ ወንበሩ ሳይሞላና ማይኩ «አንድ፣ ሁለት» ሳይባል ወረቀቱ ተተይቦና ተባዝቶ በመድረክ መሪው ክላሰር ውስጥ ተቀምጧል። «እኛ የወረዳው ነዋሪዎች በዛሬው ዕለት ሰፊና ጥልቅ ውይይት ካደረግን በኋላ…» ብሎ ይጀምራል። ውይይቱ ገና አልተጀመረም፤ ስፋቱና ጥልቀቱ ግን ከወዲሁ ታውቋል። ባዶ የተተወው የተሳታፊው ቁጥር ብቻ ነው። ለቁጥር እንኳ ይህን ያህል መጠንቀቅ የሚያስመሰግን ነበር፤ ዳሩ ግን ከባዶው ቦታ ቀጥሎ «በሺዎች የሚቆጠሩ» የሚለው ቀድሞ ታትሟል።

አሜሪካኖች በዚህ ረገድ ያሳዝናሉ። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔታቸው በ1936 (እ.ኤ.አ.) የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ብሎ አሥር ሚሊዮን ያህል ካርድ በፖስታ በተነ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሞልቶ ተመለሰለትና የፕሬዚዳንቱን ምርጫ አልፍ ላንደን ያሸንፋል ሲል ተነበየ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ያን ጊዜ ጥቂት ሰው መርጦ ጠይቆ ልክ የሆነው ጆርጅ ጋሉፕ ስሙ ገነነ፤ እሱም ቢሆን በ1948 (እ.ኤ.አ.) ዱዊ ያሸንፋል ብሎ ትሩማን አሳፈረው። ሰው ቤት አንኳኩቶ «ምን ታስባለህ?» እያለ የሚጠይቅ እንዴት አይሳሳት? መጀመሪያውኑ ባይጠይቁ ኖሮ ይህ ሁሉ ውርደት ባልደረሰባቸው።

የእነሱ ችግር በዚህም አያበቃም። ፊሊፕ ኮንቨርስ የተባለው ምሁር በ1964 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ አብዛኛው አሜሪካዊ እርስ በርሱ የተያያዘ ርዕዮተ ዓለም የለውም። አንዱ ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ሲጠየቅ ዛሬ አንድ ይላል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ። በእኛዋ እስቴ ወረዳ ግን እንዲህ ያለ መዋለል የለም። ሰባ ዓመት የተሻገረው አርሶ አደር በደርግ ጊዜ ኅብረተሰብአዊነትን በጭብጨባ ተቀብሏል፤ በኢሕአዴግ ጊዜ አብዮታዊ ዴሞክራሲን፣ ቀጥሎም ልማታዊ መንግሥትን፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መደመርን። አራት ርዕዮተ ዓለም በአንድ ጥማድ በሬ! ሪፐብሊካን ከሆነ አባት ተወልዶ ሪፐብሊካን ሆኖ የሚቀበረው የኦሃዮ ገበሬ ይህን የመሰለ የሕይወት ልምድ ከየት ያገኛል? ጎረቤት ጋይንት፣ ቤተልሔም ገብቶ ድጓ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር ዓመታት ይፈጅበታል፤ ርዕዮተ ዓለም ግን ከሻይ ሰዓት በፊት ያልቃል።

ስብሰባው ሐሳብ አይሰማበትም የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። ይሰማል እንጂ። መጀመሪያ የአገር ሽማግሌ ይነሱና መርቀው ይከፍታሉ። ከሴቶች አደረጃጀት አንዷ፣ ከወጣቶች አንዱ አመስግነው ይቀመጣሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር፣ ዱላውን ተደግፎ የቆየ አንድ ገበሬ እጁን ያወጣል። እሱም በምስጋና ጀምሮ፣ ዞር ብሎ ዞር ብሎ ማዳበሪያው ላይ ይደርሳል፦ ዘር ሊዘራ ነው፣ ዝናቡ ገብቷል፣ ማዳበሪያው ግን የለም። መድረክ መሪው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላል፤ በማስታወሻው ይይዛል፤ «የመልካም አስተዳደር ጥያቄ ስለሆነ በሂደት ይመለሳል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ ይሄዳል። የአቋም መግለጫው ሲነበብ ተራ ቁጥር አራት ላይ ምን ይላል? «የግብርና ግብዓት በወቅቱ እንዲደርስ መንግሥት እያደረገ ላለው ጥረት ከጎኑ የምንቆም መሆናችንን እናረጋግጣለን።» ገበሬው አቤቱታ ይዞ ገብቶ ደጋፊ ሆኖ ወጣ። ያጨበጭባል፤ ምን ያድርግ፣ ጎረቤቱ እያጨበጨበ ነው። በ2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ ሰልፍ ሲወጡ ግን ማንም ተራ ቁጥር አራትን ይዞላቸው አልወጣም።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ረጅም ነው። ደርግ የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ 343 አባላት ባሉት ኮሚሽን አስረቅቆ፣ አንድ ሚሊዮን ቅጂ አሳትሞ፣ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ አወያየ። ጥር 24 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና 81 በመቶው «አዎ» አለ ተባለ። አሥራ ስምንት በመቶው «የለም» እንዲል መተዉ እስከ ዛሬ የሚገርም ልግስና ነው። ኢሕአዴግ ይህን ክፍተት ለመድፈን ጊዜ ወስዶበታል፤ በ2002 ምርጫ እሱና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ፤ በግንቦት 2007 ሁለቱም ተጨምረው ሙሉ ሆነ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር ለተቃውሞ ግልብጥ ብላ ወጣች፤ በሳምንቱ ነሐሴ 1 ባሕር ዳር። መቶ በመቶ የመረጠው ሕዝብ ቤቱ ተቀምጦ፣ አደባባይ የወጣው ሌላ ሕዝብ መሆን አለበት። በመስከረም 2009 ለሁለቱም አንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣላቸው።

የሚታለለው ሕዝቡ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ያውቃል። በሰልፉ ብዛት የሚታለለው ሰልፉን የጠራው ነው። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 መስቀል አደባባይን የሞላው የገዢው ፓርቲ ሰልፍ ባለቤቱን እጅግ አስደስቶ ነበር። በማግስቱ ተቃዋሚው ቅንጅት ያንኑ አደባባይ ሞላው። በሳምንቱ ምርጫ ሆነና የአዲስ አበባ 23ቱም የፓርላማ ወንበሮች ለቅንጅት ሄዱ።

ከሁሉም ግን አንጀት የሚያርሰው የደርግ ዘመን የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነገር ነው። ገበሬው «በፈቃዱ» ተደራጀ፣ መሬቱንና በሬውን «በፈቃዱ» አንድ ላይ አደረገ፤ ለዚህም የቃለ ጉባኤ ማስረጃ በየመዝገብ ቤቱ ሞልቶ ነበር። በየካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ፣ መውጣት የፈለገ ሊወጣ ይችላል ተባለ። ተባለና በሳምንታት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነዳ፣ መሬቱን ተከፋፈለ፣ የእርሻ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። አጀንዳ አልነበረም፣ ሊቀመንበር አልነበረም፣ ያጨበጨበም የለም። ይህን ያህል የተቀላጠፈ የውሳኔ አፈጻጸም ከዚያ ወዲህ በአንድም የወረዳ ሪፖርት ላይ አልታየም።

ኋላ ደግሞ ከውጭም ሊጠይቅ የመጣ ነበር። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን ስለ ዴሞክራሲያቸው ሲጠይቅ ያገኘው ውጤት የተመራማሪዎቹን ዓይን አስፈጠጠ፤ ሕዝቡ ለአገሩ የሰጠው ማርክ ከመጠን በላይ ጥሩ ነበር። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ ጉዳዩን የመረመሩበት ጽሑፍ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ ለየት ያለ የዴሞክራሲ አረዳድ? የአገሩን አዳራሽ ለሚያውቅ ሰው እንቆቅልሹ ይህን ያህል አይከብድም። የእንግዳ ሰው ወረቀት ሲወጣ፣ ምን መልስ እንደሚጠበቅ የማያውቅ ተሰብሳቢ በአገሩ የለም።

የአፍሮባሮሜትር ጠያቂዎች ረጅሙን መጠይቅ ጨርሰው ሊነሱ ሲሉ አንድ ጥያቄ ይቀራቸዋል፦ «ይህን ጥናት እንድናካሂድ የላከን ማን ይመስልዎታል?» መጨረሻ ላይ ማስቀመጣቸው የዋህነት ነው። የእስቴው ሰውዬ እንግዶቹ ከሩቅ ሲመጡ፣ ውሻው ገና መጮህ ሲጀምር፣ ይህችን ጥያቄ ለራሱ መልሶ ጨርሷል፤ የቀሩትን ሁሉ የመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።