ክፍት ደጅ፣ ብዙ ቁልፍ

ክፍት ሶፍትዌር የሚባለው ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ሰው የሚያነበው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ለማንም የተፈቀደ ሲሆን፣ ይህን ጽሑፍ ማሽን ወደሚፈጽመው መልክ የመቀየሩና ለየስርዓተ ክወናው የማሸጉ ጣጣም እንዲሁ በልግስና ለማንም ተፈቅዷል። በጌዴኦ እሸት ቡና ወይ ይታጠባል ወይ በጀንፈሉ ይደርቃል፤ ገበሬው በእነዚህ ሁለት መንገዶች ተገላግሏል፤ አንድ ኮድ ግን ከሊኑክስ ዓይነቶች ለዴቢያንና ለኡቡንቱ በዴብ፣ ለፌዶራ በአርፒኤም፣ ለዊንዶውስና ለማክ ደግሞ በየራሳቸው ጥቅል ካልታሸገ ከደጅ አያልፍም።

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 በተባለው የፊደላት መለያ መስፈርት ውስጥ ሲገባ «ሀ» በየትኛውም ማሽን አንድ መለያ ቁጥር አገኘች፤ ቁጥሯ አንድ ቢሆንም እሷን ለመተየብ የሚያገለግለው ኪማን የተባለ ክፍት ፕሮግራም ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስ፣ ለአንድሮይድና ለአይፎን ለየብቻ መገንባት ግድ ሆኖበታል። የጌዴኦ ቋንቋ ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የቋንቋው ጸሐፊ ይህን ግርግር ዳር ቆሞ የመመልከት መብት አለው።

በጌዴኦዋ ዲላ ተቀምጦ ኪማንን ከምንጩ ልገንባ ያለ ተማሪ መጀመሪያ የሚገናኘው ከፕሮግራሙ ምርኩዞች ጋር ነው፤ ምርኩዝ ማለት ፕሮግራሙ ያለ እርሱ የማይቆም የሌላ ሰው ኮድ ሲሆን፣ እርሱም የራሱን ምርኩዞች አስከትሎ ይመጣል፤ በሊኑክስ የአይባስ የግቤት ሥርዓት የልማት ፋይሎች ከጎደሉ ስክሪኑ በቀይ ይሞላና ግንባታው ይቆማል። የአይፎኑን ስሪት ለመገንባት ደግሞ ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ለዚህኛው ምርኩዝ ማውረጃ ትእዛዝ ገና አልተጻፈለትም፤ ገንዘብ ተቆጥሮ ይገዛል።