ክዳኑን ስለመክፈቴ

ለ፡- ጓሮዬ ውስጥ የቆመውን ጄኔሬተር ለሠራው ኩባንያ፣ ዋስትና ክፍል
ጉዳዩ፡- ይቅርታ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ እኔ የሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነዋሪ፣ የገዛ ጄኔሬተሬን ክዳን በገዛ ካቻቪቴዬ መክፈቴን በታላቅ ትሕትና አምናለሁ።

ጄኔሬተሩን የገዛሁት በፈረንጆቹ የካቲት 2021 ቴክሳስ በብርድ ተመትታ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት ጨለማ ሲውጠው፣ የዳላስ ዘመዶቼ ጥርስ ሲንገጫገጭ በስልክ ከሰማሁ በኋላ ነው። ሻጩ «መብራት ሲሄድ ራሱ ይነሳል፤ እርስዎ ከሶፋዎ አይነሱም» አለኝ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ከመዝሙር ይጥማል። በየሳምንቱ ራሱን ሊሞክር ሲያጓራ ልጄ ያነጠሰ ያህል «ይማርህ» እለው ነበር።

ማዕበል የመጣ ሌሊት ግን አልተነሳም። የጄኔሬተሩ መስኮት ላይ አንድ የስሕተት ቁጥር ብልጭ ድርግም አለ። ወኪላችሁ ጋ ደወልኩ፤ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ዶሮ ወጥ ሦስት ሳምንት እንደማይጠብቅ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር።

ጎረቤቴን ጠራሁ። ሶማሌ ተራ ያደገ፣ የሊስተር ሞተርን ሕመም ከሳሉ የሚለይ ሰው ነው። ክዳኑን ከፈትኩለት፤ አየና ሳቀ፤ የዘይት ግፊቱን ሴንሰር ሽቦ አይጥ በልታዋለች። በአሥር ደቂቃ ቀጠለው። የጄኔሬተሩ ኮምፒውተር ግን ስሕተቱን ለመሰረዝ የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከወኪል እጅ አይወጣም። «ሞተሩ ደኅና ነው» አለኝ ጎረቤቴ ካቻቪቴዬን እየመለሰልኝ፣ «የታመመው ፈቃዱ ነው።»

ቀጥሎ ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ፤ ያልተፈቀደለት እጅ ስለነካው ዋስትናው ቀርቷል። የአይጧን ጥርስ በተመለከተ ደብዳቤው ዝም ይላል። የተፈቀደላት ነበረች ማለት ነው?

በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ፣ ማግነሰን-ሞስ የሚባለው፣ አምራቹ በነጻ ካላቀረበ በቀር፣ ዋስትናን ከራሱ ዕቃና ከራሱ ጠጋኝ ጋር እንዳያስር ይከለክላል። በ2022ም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የዌስቲንግሃውስ ጄኔሬተሮችን የሚሠራውን ድርጅትና ሃርሊ ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ይዟቸው፣ ያን ዓይነቱን ቃል ከዋስትናቸው እንዲያወጡ አስገድዷል። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ያህል ነው፤ እንዳትቀየሙኝ።

ደግሞም ሚኒሶታ ክሳችኋለች። በ2023 ያወጣችው የመጠገን መብት ሕግ ስልኬንና ኮምፒውተሬን እንዳስጠግን ሲፈቅድ፣ ጄኔሬተርን ከትራክተርና ከጌም ማጫወቻ ጋር ለይቶ ውጭ አስቀምጦታል። ስልኬ ቢሞት እኔ አልሞትም፤ በጥር ብርድ ማሞቂያዬን የሚያስነሳው ግን ከጌም ጋር ተቆጠረ። ይህን ያስወጣው ሰው የእናንተ ከሆነ ደመወዙ ይጨመርለት።

እናቴ ብትኖር «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ትለኝ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አባቴ መብራት ኃይል ደጅ እየጠና አረጀ። እኔ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ በዶላር ከፍዬ፣ የራሴን ትንሽ መብራት ኃይል ጓሮዬ ተከልኩ፤ ደጅ ጥናቱም እንግሊዝኛ ተማረ።

ስለዚህ የይለፍ ቃሉን አልጠይቅም፤ ያን ያህል አልደፍርም። ወኪላችሁ እስኪመጣ ድረስ ክዳኑን ከፍቼ ማየት ብቻ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

ግልባጭ፡-
ለወኪሉ (ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደርሰዋል)
ለአይጧ (ባለችበት)